እናቴ ክኒን መዋጥ አቅቷታል፤ እየፈጨሁ ልስጣት?

የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ) ጠየቀች፦

ሰላም ወገኖቼ። ትንሽ ይረዝምባችኋል፣ ታገሱኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መቷት ነበር። እግዜር ይመስገን፣ እጇም እግሯም ተመልሶላት ከዘራ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመጣለች። ያልተመለሰው ጉሮሮዋ ነው። እንጀራውን በወጥ አርሼ ከሰጠኋት ትበላለች። ውሃ ስትጠጣ ግን ትን ይላታል። ክኒን ደግሞ ጭራሽ! አፏ ውስጥ ታንከባልለዋለች፣ ታንከባልለዋለች፣ መጨረሻ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትደብቀዋለች። አልጋ ሳነጥፍ ከፍራሹ ስር አሥራ አንድ ፍሬ አገኘሁ።

የምትወስደው ይሄ ነው፦ ለግፊት ኒፈዲፒን 20 ጠዋትና ማታ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን 500፣ አስፒሪን 81፣ ማታ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ካፕሱል።

ባለፈው ሳምንት መላ ያገኘሁ መስሎኝ ሁሉንም ባንድ ላይ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጬ በማር ሰጠኋት። ሰዓት ሳይሞላ ፊቷ ነጣ፣ ላብ አጠመቃት፣ ልትቆም ስትል ወደቀች። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወስጃት ግፊቷ በጣም ወርዷል ተባልኩ። ምን እንደሰጠኋት የጠየቀኝ ግን የለም። ግሉኮስ ሰቅለው መለሱን።

ጥያቄዬ፦ ጥፋቱ የኔ ነው? የትኛው ይፈጫል፣ የትኛው አይፈጭም? ለእንደሷ ዓይነቱ ሽሮፕ ወይም አፍ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት የለም ወይ? ደግሞ እርጎ እንዳትሉኝ፣ ጾም ላይ ናት።

የሐይቅ ልጅ፦

አላህ አፊያዋን ይመልስላት እህቴ። እኔ ለአያቴ ካፕሱሉን ሁሉ ከፍቼ ዱቄቱን ሻይ ላይ ነው የምበትነው። ክኒን ሲሆን ደግሞ ራሷን ወደ ኋላ ቀና አድርጌ ውሃ አፈስላታለሁ፣ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ሞክሪው።

ፋርማሲስቱ (ኮምቦልቻ)፦

የሐይቋ እህቴ፣ በቅንነት እንደጻፍሽው አውቃለሁ፤ ግን ሁለቱም አደገኛ ነው። ስለ አንገቱ ሙያው ያላቸው ይናገሩ። እኔ ወደ መድኃኒቱ ልሂድ።

የቧንቧ ውሃዋ፣ እናትሽን የጣላት ኒፈዲፒኑ ሳይሆን አይቀርም። ጥፋት ግን አልለውም፤ ክኒኑን ስንሰጥሽ «አይሰበርም፣ አይፈጭም» ማለት የነበረብን እኛ ነን። ብዙ ጊዜ የምናድለው ኒፈዲፒን 20 ሪታርድ የሚባለው ነው፤ ቀስ እያለ ለሰዓታት እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ። ስትወቅጪው ያ አሠራሩ ይፈርሳል። ለግማሽ ቀን የታሰበው ባንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል፣ ግፊትም ገደል ይገባል። ስትሮክ ለመታው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የግፊት ድንገተኛ መውረድ ራሱ ሌላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ማንኛውንም ክኒን ከመንካትሽ በፊት ፓኬቱን እዪ። ከስሙ አጠገብ ኤስ አር፣ ኤክስ አር፣ ኢ አር፣ ሲ አር፣ ኤም አር፣ ኤል ኤ ወይም ሪታርድ የሚል ካለ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው ማለት ነው፤ አይፈጭም፣ አይታኘክም። እነዚህ ፊደላት ባይኖሩም ጠይቂ፤ ሁሉም ፋብሪካ አይጽፋቸውም።

አሁን አንድ በአንድ።

ሜትፎርሚኑ ተራው ከሆነ ይፈጫል። መራራ ነው፣ ሽታውም ደስ አይልም፣ ግን ችግር የለውም። ኤክስ አር የሚል ካለበት እንዳትነኪው። አቶርቫስታቲን ተፈጭቶ ወዲያው ይሰጣል። አስፒሪን 81 ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ ሽፋን አለው፤ እሱን ከፈጨሽው ሽፋኑ ከንቱ ይሆናል፣ ጨጓራንም ይጎዳል። ሌላው የሚታኘክ ወይም ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ነው። ያንን ያዙልሽ።

ኦሜፕራዞል ካፕሱሉ ይከፈታል። ግን ውስጡ ያሉት ድቡልቡል ፍሬዎች እንዳሉ መዋጥ አለባቸው። እያንዳንዷ ፍሬ ከጨጓራ አሲድ የሚጠብቃት ሽፋን አላት። አይወቀጡም፣ አይታኘኩም፣ ትኩስ ሻይ ላይም አይበተኑም። የተፈጨ ፖም ወይም እርጎ (ጾሙ ሲፈታ) ማንኪያ ላይ ነስንሰሽ ወዲያው ትዋጠው።

ኒፈዲፒንን በተመለከተ ሐኪሟን «በአምሎዲፒን ይቀየርልን?» በይው። አምሎዲፒን በራሱ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ነው፣ ለዚያ ብሎ የተለየ አሠራር አያስፈልገውም። ስለዚህ ይፈጫል፣ ደግሞ በቀን አንዴ ነው። ግን በራስሽ አታቁሚ፣ በራስሽም አትቀይሪ።

ስትፈጪም ሁሉንም ባንድ ላይ አይደለም። አንዱን ብቻ፣ በሁለት ማንኪያ መሃል አድርገሽ፣ ልትሰጪያት ስትይ። ሙቀጫው ይቅር። ግማሹ መድኃኒት እንጨቱ ላይ ይቀራል፣ ሚጥሚጣውም አብሮ ይገባል።

የባቲው፦

ሽሮፕ ስላልሽው፣ አባቴን ሲያመው የልጆቹን ፓራሲታሞል አንድ ማንኪያ እየሰጠን «አልሻለውም» እንል ነበር። ለካ 5 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ያለው 120 ሚሊግራም ብቻ ነው። የአንድ ባለ 500 ክኒን ያህል ለማግኘት ወደ 21 ሚሊ ሊትር ይጠጣ ነበር ማለት ነው! ደግሞ ብዙው ሽሮፕ ስኳር አለው። ለእናትሽ አስቢበት።

ሌላም ልንገርሽ። አባቴ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዞለት ማታ በጉንጭ ውሃ ዋጥ አድርጎ ተኛ። ካፕሱሉ ደረቱ ላይ ተጣብቆ አደረ። በነጋታው ምራቅ እንኳን መዋጥ እንደ እሳት አቃጠለው። ሐኪሙ የጉሮሮ ቧንቧው ቆስሏል አለን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተጋድሞ መድኃኒት የሚውጥ የለም።

ፋርማሲስቱ (ኮምቦልቻ)፦

ትክክል ነህ የባቲው። የአይረን ክኒን፣ ፖታሲየም፣ ለአጥንት የሚሰጠው አሌንድሮኔት፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም እንደዚያ ያቆስላሉ። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። ውሃ ውስጥ የሚፈላውንም ፓራሲታሞል ለግፊት በሽተኛ አላበረታታም። አንዱ ፍሬ ብቻ ወደ 400 ሚሊግራም ሶዲየም አለው፤ ጨው እየተከለከሉ ጨው መጠጣት ነው።

ነርሷ (ወልድያ)፦

ከመድኃኒቱ በፊት እኔን ያስደነገጠኝ «ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል» ያልሽው ነው። እሱን ማንም አላነሳም።

ስትሮክ ያለፈበት ሰው ጉሮሮ ውሃን ይፈራል። ውሃ ፈጣን ነው። የአየር ቧንቧው ክዳን ሳይዘጋ ይቀድማል። ገብቶ ገብቶ ሳንባ ምች ያመጣል። ከጠጣች በኋላ ድምጿ እንደ ረጠበ ይሆናል? ምግብ ላይ ታስላለች? ትኩሳት እየሄደ ይመለሳል? ከሆነ አሁኑኑ ሐኪም ይያት።

ራስን ወደ ኋላ ማቅናት የተባለው በፍጹም! አየር ቧንቧውን ከፍቶ ማንቆርቆር ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ አገጯን ወደ ደረቷ ትንሽ ዝቅ ታድርግ። ይሄ ብዙዎችን ይረዳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። መጀመሪያ ባለሙያ ፊት ትሞክረው።

የተፈጨውን በቀጭን ነገር አትስጪያት። ወፈር ያለና የሚያንሸራትት ነገር ያስፈልጋል። የጾም ካልሽ ወሎ መቼ ቸግሮት! የተደቆሰ ሙዝ፣ ማንጎ፣ የተመታ አብሽ፣ ወፈር ያለ ተልባ አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሳህን ሙሉ ገንፎ ውስጥ ከበተንሽው ግማሹን ትታው ትነሳለች፣ መድኃኒቱም አብሮ ይቀራል። ማሩን ደግሞ ስኳር ስላለባት ተይው።

ከዚያ አፏን እዪ። ጉንጯ ውስጥ የቀረ አለ? በተለይ በተመታችበት በኩል ክኒን ተደብቆ ይቀራል፤ እሷ አይሰማትም። «ታንከባልለዋለች» ያልሽው እሱ ሊሆን ይችላል።

የመናፈሻው፦

እኔ ገና 41 ነኝ፣ በሽታዬም ፍርሃት ብቻ ነው። ክኒን አየሁ ማለት አነቀኝ ማለት ነው። ጀርመን ሃይደልበርግ ያሉ ተመራማሪዎች በ2014 ሁለት ዘዴ ሞክረዋል። ለክኒን፦ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተህ፣ ክኒኑን ምላስህ ላይ አድርገህ፣ ከንፈርህን ግጥም አድርገህ ውሃውን መምጠጥ። ለካፕሱል፦ ካፕሱሉና ውሃው አፍህ ውስጥ እንዳሉ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መዋጥ፤ ካፕሱል ስለሚንሳፈፍ ወደ ጉሮሮ ይሄዳል። የጎንበሱ ዘዴ ወደ 89 በመቶ፣ የጠርሙሱ ወደ 60 በመቶ በሚሆነው ሙከራ ነገሩን አቅልሎታል። እኔን ገላግሎኛል።

ነርሷ (ወልድያ)፦

ላንተ ዓይነቱ ጥሩ ነው። ውሃ ትን ለሚላቸው እናት ግን እንዳትሞክሪው እህቴ።

የአጅባሩ፦

ከጎን ልግባ። አባቴ ለፕሮስቴት ፊናስቴራይድ ይወስዳል፣ እሱም መዋጥ ይቸግረዋል። የምትፈጭለት ባለቤቴ ናት፣ የስድስት ወር እርጉዝ። ያስቸግራል እንዴ?

ፋርማሲስቱ (ኮምቦልቻ)፦

አዎ፣ ዛሬውኑ ታቁም! የተፈጨ ወይም የተሰበረ ፊናስቴራይድ እርጉዝ ሴት መንካት የለባትም። ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። እስካሁን የነካችውን ለእርግዝና ክትትሏ ሐኪም ንገሩት፣ አትደንግጡ። አባትህንም አንተ ስጣቸው፤ ከዚያ በፊት ግን መፍጨቱን ራሱ ሐኪማቸውን ጠይቅ። ሜቶትሬክሴትና የካንሰር መድኃኒቶችም ቤት ውስጥ አይፈጩም፤ ብናኙ ለሚፈጨውም አደጋ ነው።

እማማ ከወረኢሉ፦

ልጄ፣ እኔ 69 ነኝ፣ የሚሰጡኝ እንጂ የምሰጥ አይደለሁም። የልጄ ሚስት መድኃኒቱን አጥሚት ውስጥ ደብቃ ሰጠችኝ። መረረኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ከእጇ ምንም አልቀመስኩም። ምን ታደርጊኛለሽ ብዬ ጠረጠርኳት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ለእናትሽ «ይሄ የግፊትሽ ነው» ብለሽ አሳይተሽ ስጪያት። ፍራሽ ስር መደበቋም እኮ አንቺን ላለማስከፋት ነው። ትን ባላት ቁጥር እንደምትደነግጪ ታያለቻ።

ጾሙን ደግሞ የንስሐ አባቷ ይንገሯት። አንቺ ብትያት አትሰማሽም።

የወልድያ ተማሪ፦

እኔ ልጨምር የምፈልገው፣ መዋጥ ያቃተው ሁሉ ስትሮክ አይደለም። አጎቴ መጀመሪያ ሥጋው አልወርድ አለው፣ ከዚያ እንጀራው፣ በኋላ ሾርባው። ቀበቶው በሁለት ቀዳዳ ጠበበ። እኛ ክኒኑን እያሟሟን ሦስት ወር አባከንን። እንደዚህ ቀስ በቀስ የሚብስና ክብደት የሚያስቀንስ ከሆነ መፍትሔው መፍጨት አይደለም፤ በጉሮሮ በካሜራ የሚታይበትን ኢንዶስኮፒ ጠይቁ።

የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ)፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ትናንት ክትትሏ ነበር። መድኃኒቶቹን በሙሉ ከነፓኬታቸው በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ፍራሽ ስር የነበሩትንም ጭምር። ሐኪሙ ዘርግቶ ሲያያቸው ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ኒፈዲፒኑ በአምሎዲፒን 5 ተቀይሯል፣ በቀን አንዴ። አስፒሪኑ የሚታኘከው ሆነ። ኦሜፕራዞሉን «ይቅርላት?» ብዬው ነበር፤ ከአስፒሪን ጋር ጨጓራዋን ስለሚጠብቅላት ይቆይ አለ። ሳንባዋን አዳመጠ፣ ራጅ አዘዘ፣ ንጹሕ ነው። ውሃ በማንኪያ ሰጥቶ ስትውጥ አያትና ቀጭን ነገር ለጊዜው ይቀነስ አለኝ። ለክኒኑ አገጯን ዝቅ አድርጋ በሙዝ ሞከረች። አንዴም አላሳላት።

የንስሐ አባቷም «መድኃኒት መያዣ ማንኪያ እርጎ ጾም አይሽርም» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ተልባው ይሻለኛል ብላለች። ፋርማሲስቱ፣ ተልባው ለሁሉም ክኒን ይሆናል?

ፋርማሲስቱ (ኮምቦልቻ)፦

አንድ የሻይ ማንኪያ ከሆነ ለነዚህ አያሳስብም። በጣም ወፍራምና ብዙ ሲሆን ነው መድኃኒቱን አፍኖ የሚያዘገየው። ወደፊት እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ ከታዘዘላት ግን እርጎና ወተት አብረሽ አትስጪ፤ መድኃኒቱን ይይዙታል። ለሳምንት ግፊቷን ጠዋት ጠዋት እየለካሽ ጻፊና ለሐኪሙ አሳዪው።

እማማ ከወረኢሉ፦

ተልባውን ቆላ አድርጊው ልጄ። ጥሬው ይጎመዝዛል።