ጄትብሉ ስፒሪትን እንዳይገዛ መከልከሉ ተጓዡን ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

አወያይ፦ ለውይይት የቀረበው የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። የአሜሪካው አየር መንገድ ጄትብሉ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 በርካሽ ትኬት የሚታወቀውን ሌላውን አየር መንገድ ስፒሪትን በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ለመግዛት ተስማማ። የአገሪቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በማርች 2023 ክስ መሠረተ፤ በቦስተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ያንግም ጃንዋሪ 16 ቀን 2024 ግዢውን አገዱ። ስፒሪት በዚያው ዓመት ኖቬምበር የኪሳራ ከለላ፣ ማለትም ሥራውን እየቀጠለ ዕዳውን እንዲያስተካክል የሚያስችለውን የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ፤ ከዚያ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ በኦገስት 2025 እንደገና ገባበት። እገዳው ተገቢ ነበር ወይ?

ከዳላስ፦ ተገቢ አልነበረም። አሜሪካን ኤርላይንስ፣ ዴልታ፣ ዩናይትድና ሳውዝዌስት የተባሉት አራት አየር መንገዶች ከአገር ውስጡ ገበያ ሰማንያ በመቶ ያህሉን ይዘዋል። እዚህ የደረሱትም በመጠቅለል ነው፤ ዴልታ ኖርዝዌስትን በ2008፣ ዩናይትድ ኮንቲኔንታልን በ2010፣ ሳውዝዌስት ኤርትራንን በ2011 ወስደዋል፤ አሜሪካንም በ2013 ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር ተዋህዷል። መንግሥት እነዚህን ሁሉ አሳለፈ። ጄትብሉና ስፒሪት ተደምረው ከገበያው አሥር በመቶ ገደማ ቢይዙ ነው፤ ለአራቱ ግን ከሁለት ደካሞች ይልቅ አንድ ጠንካራ ተፎካካሪ ያሰጋቸው ነበር። ትልልቆቹ ገብተው ሲያበቁ በሩ የተዘጋው በትንንሾቹ ላይ ነው። ውጤቱንም አየነው፤ ለተጓዡ ይቆይለት የተባለው ስፒሪት ዓመት ሳይሞላው ኪሳራ ውስጥ ገባ።

ከባልቲሞር፦ ያቀረቡት የገበያ ድርሻ ትክክል ነው፤ ነገር ግን «የአገር ውስጥ ገበያ» የሚባል ትኬት የሚገዛ ሰው የለም። ሰው የሚገዛው ከባልቲሞር ፎርት ላውደርዴል ወይም ከባልቲሞር ላስ ቬጋስ የሚያደርሰውን ትኬት ነው፤ ዋጋው የሚወሰነውም በዚያው መስመር ላይ ስንት ድርጅት እንደሚወዳደር ታይቶ ነው። ዳኛው የተመሩበት የ1914ቱ የክሌይተን ሕግ ሰባተኛ አንቀጽም፣ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ውድድርን በእጅጉ ሊቀንስ የሚችል ግዢን ይከለክላል። ስለዚህ ውህደቱ በአንድ መስመር ላይ ዴልታን የሚፈታተን መሆኑ፣ በሌላ መስመር ላይ ርካሹን አማራጭ ማጥፋቱን አያካክስም። ዳኛው ውህደቱ ለአንዳንድ ተጓዦች ጥቅም እንደሚያመጣ አልካዱም፤ ጉዳቱ የሚያርፍባቸው ግን ሌሎች ሰዎች መሆናቸውን ነው ያዩት።

ጉዳቱ በምን መንገድ እንደሚመጣ ለማየት ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ መግባት ይበቃል። ሁለቱም ድርጅቶች ኤርባስ ኤ320 ያበርሩ ነበር። ስፒሪት በዚህ አውሮፕላን 182 መቀመጫ ሲደረድር፣ ጄትብሉ ለእግር ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚሰጥ 162 ብቻ ያስገባ ነበር። የጄትብሉ ዕቅድ የስፒሪትን አውሮፕላኖች በራሱ ልክ ማስተካከል ስለነበር፣ ከእያንዳንዱ እንዲህ ዓይነት በረራ ላይ ሃያ መቀመጫ ይነሳል ማለት ነው፤ የሚነሱት ደግሞ ከሁሉም ርካሽ የነበሩት ናቸው። በክሱ ላይ እንደተጠቀሰው፣ ስፒሪት አንድን መስመር ሲለቅ ዋጋው በ30 በመቶ እንደሚጨምር የገመተው የጄትብሉ የራሱ የውስጥ ሰነድ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈለግ አይመስለኝም።

የስፒሪት መቀመጫ ወደ ኋላ አይዘነበልም ነበር፤ ለሻንጣ ይከፈል ነበር፤ ውሃም ይሸጥ ነበር። ይህን ሁሉ አውቆ ይገዛ የነበረው ሰው ግን ለሠርግ አራት ልጆቹን ይዞ የሚሄድ አባት ወይም ለለቅሶ ድንገት የተነሣ ሰው ነው። በሜሪላንድና በላስ ቬጋስ ባለው ማኅበረሰባችን ውስጥ እንዲህ ያለው ተጓዥ ጥቂት አይደለም፤ ለእርሱ የተሻለ መቀመጫ በውድ ዋጋ ማግኘት አማራጭ አይሆነውም፤ ጉዞው ይቀርበታል እንጂ።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፦ ስለ ኪሳራው መንስኤ ብቻ ልጨምር። የአውሮፕላን ሞተር አምራቹ ፕራት ኤንድ ዊትኒ በ2023 ሞተሮቹ በተሠሩበት የብረት ዱቄት ላይ ጉድለት መኖሩን ካስታወቀ በኋላ፣ በርካታ የስፒሪት አዳዲስ አውሮፕላኖች ሞተራቸው ለምርመራ እየወረደ ቆመዋል። የቆመ አውሮፕላን ገቢ አያስገባም፤ የሠራተኛው ደመወዝና ሌላው ቋሚ ወጪ ግን አይቆምም። ትልልቆቹ ድርጅቶችም «ቤዚክ ኢኮኖሚ» የሚሉትን ርካሽ ትኬት አምጥተው ደንበኛውን ወስደውበታል። ጄትብሉም ቢሆን የዚያው ሞተር ተጠቃሚ ነው፤ ከ2020 እስከ 2024ም በየዓመቱ ከስሯል። 3.8 ቢሊዮን ዶላሩን ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንወያየው ምናልባት ስለ ሁለት ኪሳራ ነበር።

ከዳላስ፦ የሞተሩን ጉዳይ እቀበላለሁ። ሆኖም ስፒሪት ከ2020 ጀምሮ እየከሰረ መሆኑን ፍርድ ቤቱ እያወቀ፣ ድርጅቱ ለብቻው መወዳደሩን እንደሚቀጥል አድርጎ ማየቱ ነው የማይዋጥልኝ። ጄትብሉ በኒውዮርክ፣ በቦስተን፣ በኒውዋርክና በፎርት ላውደርዴል ያሉ የስፒሪትን የመሳፈሪያ በሮችና የበረራ ሰዓቶች ለሌሎቹ ርካሽ አየር መንገዶች ለፍሮንቲየርና ለአሌጂያንት ለመልቀቅ ተስማምቶ ነበር። በዚያው በ2024 አላስካ የተባለው አየር መንገድ ሃዋይያን የተባለውን አየር መንገድ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ግዴታ አስገብቶ አሳልፎታል። ለአንዱ የተሠራው መንገድ ለሌላው ለምን ተነፈገ?

ከባልቲሞር፦ ሁለቱ ጉዳዮች አይመሳሰሉም። አላስካና ሃዋይያን በጋራ የሚሠሩባቸው መስመሮች ጥቂት ነበሩ፤ አላስካም የሃዋይያንን ስም ይዞ እንደሚቀጥል ገልጿል። ጄትብሉ ግን ስፒሪትን ሊገዛ የፈለገው ስፒሪትነቱን ሊያስቀር ነው። ፍሮንቲየር የመሳፈሪያ በር ቢረከብ እንኳ፣ ስፒሪት ይበርባቸው በነበሩ መስመሮች ሁሉ ተተክቶ እንደሚበር የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

ስለ ኪሳራው ያነሡት ቁም ነገር አለው፤ ነገር ግን ሊያነሡት ይገባ የነበሩት ተከሳሾቹ ናቸው። የአሜሪካ ሕግ ሊዘጋ የተቃረበና ሌላ ገዢ ያጣ ድርጅት በተፎካካሪው እንዲገዛ የሚፈቅድበት መከላከያ አለው፤ ጄትብሉና ስፒሪት ግን ይህን መከላከያ አላቀረቡም። ሊያቀርቡም ይከብዳቸው ነበር፤ ምክንያቱም ሌላ ገዢ ነበረ። ፍሮንቲየር በፌብሩዋሪ 2022 ከስፒሪት ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ጄትብሉ ዋጋውን አስበልጦ ለአንድ አክሲዮን 33.50 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ሲያቀርብ ነው ያ ስምምነት የፈረሰው። ፍሮንቲየር በተመሳሳይ አሠራር የሚሠራ ስለሆነ መቀመጫዎቹን አይነቅልም ነበር። ባለአክሲዮኖቹ የመረጡት ከፍተኛውን ዋጋ ነው፤ ከውድድር ሕግ ጋር የሚጋጨውም እርሱ ነበር። ዳኛው ያልተጠየቁትን ጥያቄ ለምን አልመለሱም ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከዳላስ፦ የፍሮንቲየሩን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ባለአክሲዮኖቹ ገንዘቡን አይተው ሕጉን ረስተዋል። ነገር ግን ስፒሪት በ2025 ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ከገባ በኋላ ከበርካታ ከተሞች ወጥቷል፤ በእነዚያ ከተሞች የቀረው ተጓዥ ስፒሪትን አጥቷል። ስፒሪት ይበርባቸው ወደነበሩ ከተሞች በረራ እጨምራለሁ ካሉት መካከል ዩናይትድ ይገኝበታል። ዩናይትድ ደግሞ ከአራቱ አንዱ ነው።