የደሴቷ አይጥና የተራራዋ ወፍ፦ ለትምህርት ቤቶች ዐውደ ርዕይ የዕቅድ ውይይት (ተናጋሪዎቹ በመጡበት ቦታ ስም ተጠርተዋል)

ሰብሳቢ፣ ደብረ ማርቆስ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ዕቅዳችን ርዕስ ላይ ቆሟል። ሁለት እንስሳት እናወዳድር ባይ ነኝ። አንዷ የብራምብል ኬይ አይጥ ናት። በአውስትራሊያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ብቻ ትኖር ነበር። ደሴቷ ከባሕር በላይ 3 ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። የባሕሩ ውሃ እየደጋገመ ወጣና መብሏንም መጠለያዋንም አጠፋው። በ2019 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ መንግሥት መጥፋቷን አረጋገጠ። ሌላዋ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የምትኖረው ሃሚንግበርድ፣ የአበባ ማር የምትቀስም ትንሽ ወፍ ናት። ሌሊት ጉልበት ለመቆጠብ ሰውነቷን ታቀዘቅዛለች። ፔሩ ውስጥ በአንዷ ዝርያ ላይ የተለካው የሰውነት ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው! ጠዋት ሞቅ ብሏት ትነሣለች።

ዳንግላ፦ ደስ ይላል። ግን ሃሚንግበርድ አፍሪካ ውስጥ የለችም፤ ልጆቹ በምን ይረዷት? ጮቄ ተራራ ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ሲያብብ የሚመጣው ወፍ አብሮ ይግባ። ያው ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወይን ጠጅና አረንጓዴ የሚያብረቀርቀው። ቆልማማ መንቁሩን አበባው ውስጥ ከትቶ ማሩን ይመጥጣል። ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆማ ስትቀስም የኛው አብዛኛውን ጊዜ አርፎ ነው። ዘመዳሞችም አይደሉም።

ሰከላ፦ ልጆቼ፣ አይጥ ከተባለማ የኛዋን እንዴት ትረሳላችሁ? በ1927 እ.ኤ.አ. ግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ አንዲት የውሃ አይጥ ተይዛለች። ናሙናዋ ቺካጎ ሙዚየም ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተገኘም። ከደጃችን የሄደች፣ በዓለም አንድ ናሙና ብቻ ያላት እንስሳ፣ የሰከላ ተማሪ ግን ስሟን ሰምቶ አያውቅም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ደጀን፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እንግዲያው ማወዳደሪያው ውበትና መጠን አይሁን። «መሸሻ አለው ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ያቺ የደሴት አይጥ መሄጃ አልነበራትም። የተራራ ወፍ ሙቀት ሲመጣ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ጮቄም ቢሆን 4,100 ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። የሰከላዋ ደግሞ የወንዙ ዳር ሲታረስና ሲጋጥ የት ትግባ?

ሰብሳቢ፦ በቃ፣ ርዕሱ «መሸሻ» ይሁን። አራቱም ይገባሉ፤ ሰፊው ቦታ ለሰከላዋ። ጋሼ፣ ስለ ወንዙ ዳር ድሮ የነበረውን ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይጻፉልን። ዳንግላ የጅብራውን ፎቶ ያምጣ። ደጀን ደብዳቤውን ያርቅቅ፤ ወንዙን ዳግም የሚፈትሽ የባዮሎጂ ቡድን እንዲላክልን ዩኒቨርሲቲውን እንጠይቅበታለን።

ሰከላ፦ ቡድኑ ከመጣ መንገዱን የምመራው እኔ ነኝ። ክረምቱ ሳይገባ ይሁን እንጂ፤ ኋላ ጭቃው አያስገባም።