ከደሴ ኮምቦልቻ ባቡር ቢሠራ ዋሻው ይጥበብ ወይስ ይስፋ?

አወያይ፦ ጀማው፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። የዛሬው ክርክር ይሄ ነው፦ በሁለቱ ከተሞች መሐል ባለው በሐረጎ ተራራ ሥር የሚያልፍ የመንገደኛ ባቡር አንድ ቀን ቢታሰብ፣ ዋሻው በርካሽ ጠበብ ተደርጎ ይቆፈር ወይስ ሰፊ ይሁን?

የፒያሳው፦ ይጥበብ። የለንደን ጥልቅ የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች ዋሻቸው 3.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሕዝብ አመላልሰዋል። ክብ ዋሻ ከ3.5 ወደ 5 ሜትር ሲሰፋ የሚወጣው አለት እጥፍ ይሆናል። ያንን ብር ከየት እናመጣለን?

የቦርከና ልጅ፦ ወንድሜ፣ ለንደንን ካነሳህማ ጨርሰው እንጂ! ፉርጎው እንደ ዋሻው ጎብጦ ስለተሠራ በር ዳር የቆመ ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ማቀዝቀዣ የሚገጠምበት ቦታም ስለጠፋ በጋ ላይ ተሳፋሪው ስንት ዓመት በሙቀት ተሰቃየ። ኒውዮርክን ደግሞ እይ። እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተው መስመር ፉርጎው 2.67 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በኋላ የመጡት መስመሮች ግን 3.05 ሜትር ናቸው። ሰፊው ጠባቡ ዋሻ ውስጥ አይገባም። ጠባቡ በሰፊው መስመር ቢሄድ በበሩና በመድረኩ መሐል እግር የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ይኸው እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ፉርጎ ያሠራሉ። እኛም ከአዋሽ ለተዘረጋው ባቡር የማይበቃ ዋሻ ከቆፈርን፣ የደሴ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ኮምቦልቻ ላይ ሊቀይር ነው።

የሆጤዋ፦ ኩርባውን ረስታችኋል። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በቀጥታ ከተቆፈረ ዳገቱ ለባቡር ይከብዳል፣ መጠማዘዙ አይቀርም። ረጅም ፉርጎ ሲታጠፍ ደግሞ ወገቡ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ። ተሳቢ መኪና ሐረጎ ላይ ሲታጠፍ ያየ ይገባዋል። ስለዚህ ኩርባው ላይ ተጨማሪ ስፋት የግድ ነው።

የፒያሳው፦ እሺ እህቴ፣ ታዲያ አጭር ፉርጎ ይታዘዛ! እንደ ልብስ በዋሻው ልክ ይሰፋል።

የሆጤዋ፦ የሚሰፋው ልኩ በትክክል ከተወሰደ ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2020 ለአስቱሪያስና ለካንታብሪያ ክልሎቿ 31 ባቡር አዘዘች። በ2023 ባቡሮቹ በነባሮቹ ዋሻዎች እንደማያልፉ ይፋ ሲሆን ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች ከሥልጣን ወረዱ። ደግነቱ ገና አልተመረቱም ነበር።

የፒያሳው፦ ይሁን፣ ይስፋ። ግን አንድ ሐዲድ ብቻ ይሁን፤ መሐል ላይ የባቡሮች መተላለፊያ ይሠራለት። ሁለት ሐዲድ ካላችሁ አልስማማም።

የቦርከና ልጅ፦ በዚህስ እስማማለሁ። መተላለፊያው የት ቦታ ይሁን?