ጀሞ ላሉ ስደተኞች የአእምሮ ጤና ደጋፊዎችን ለማሠልጠን ሦስት ቀን ይበቃል?

የጀሞዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ከሚኖሩ ኤርትራውያን ስደተኞች መካከል በጎ ፈቃደኞች መርጠናል፤ የተጨነቀ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ ወገናቸውን እንዲደግፉ ነው። በጀቱ ለሦስት ቀን ብቻ ነው። የተላከልን መርሐ ግብር ደግሞ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ «ሠልጣኞች በስደት የደረሰባቸውን ለቡድኑ ይናገራሉ» ይላል። ከመካከላቸው ሊቢያ ውስጥ በደላሎች ታግተው የነበሩ አሉ። ልሰርዘው ወይስ ፍርሃቴ አጉል ነው?

ነርሱ ከዓለም ገና፦
ሰርዢው እህቴ። ሰውን ቁስሉን በሰው ፊት እንዲገልጥ ማስገደድ ሕክምና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ የሚያስተምረው ማየትን፣ ማዳመጥንና ሰውን ከሚረዳው ጋር ማገናኘትን ነው፤ ሰው ካልፈለገ ታሪኩን አይጠየቅም። በሦስት ቀን ይህን በደንብ አስተምሩ፣ ከዚህ በላይ አትመኙ። «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባለው የአምስት ክፍለ ጊዜ ድጋፍም ባለሙያ ባልሆነ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ሥልጠናው 80 ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያም በየሳምንቱ ክትትል አለው። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ለሆቴል አዳራሽና ለምሳ ገንዘብ አይጠፋም፤ ሠልጣኙ ከወር በኋላ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው ሲገጥመው የሚደውልለት ሰው ግን የለውም። በቢሯችሁ አሠልጥኑና በተረፈው ገንዘብ በየጊዜው የሚያገኛቸው የአእምሮ ጤና ነርስ ቅጠሩ።

አስተርጓሚ፦
እኔም ስደተኛ ነኝ። ስለ ምስጢር አጥብቃችሁ አስተምሩ። አንዲት ክፍል ለአምስት ስለምንጋራ ቤት ለቤት መሄድ አያዋጣም፤ ማን እንደሚያነጋግረውም ሰውየው ራሱ ይምረጥ። ብዙዎቻችንን እንቅልፍ የሚነሳን ደግሞ ያለፈው ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራዩና መልስ ያጣው ወደ ሦስተኛ አገር ሄደን የመስፈር ጉዳያችን ጭምር ነው። ጠበል የሚሄደውንም አትከልክሉት፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ ለምኑት።

የጀሞዋ፦
ሰርዣለሁ፤ አለቃዬ ገና አልሰማም። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ያለበትን ሰው በጎ ፈቃደኛው በምን ይለየው?

ነርሱ ከዓለም ገና፦
ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ምግብና ንጽሕናውን ፈጽሞ የተወ፣ ራሱን ለመግደል ያቀደ ከሆነ። የመጨረሻውን በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ያቀደም ከሆነ ብቻውን አይተዉት። የሆስፒታሉን ስም በወረቀት ጽፎ መስጠት አይበቃም፤ ትግርኛ የሚያስተረጉም ሰው፣ የታክሲ ገንዘብና የስደተኛ መታወቂያው አብረው ይሂዱ።