ክርክር፦ በቾክ ሪቨር ጉዳይ ልክ የነበረው ተቆጣጣሪው ነው ወይስ ፓርላማው?

ግማሽ ዕድሜ፦ ጉዳዩን ለማያስታውስ ባጭሩ (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በካናዳ ቾክ ሪቨር የሚገኘው ኤንአርዩ የተባለው የምርምር ሪአክተር ኖቬምበር 18 ቀን 2007 ለመደበኛ ጥገና ቆመ። ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዘውን ከባድ ውሃ (ከባድ ሃይድሮጂን ያለበትን ውሃ) የሚያዞሩ ሁለት ፓምፖች የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ከተሠራው የአደጋ ጊዜ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ጋር እንዳልተገናኙ ታወቀ። ተቆጣጣሪው፣ የካናዳ ኑክሌር ደኅንነት ኮሚሽን፣ ይህ ከፈቃዱ ውጭ ነው አለ። ዲሴምበር ላይ ፓርላማው ለ120 ቀን እንዲሠራ የሚፈቅድ አስቸኳይ ሕግ አወጣ፤ ሪአክተሩም ዲሴምበር 16 ሥራ ጀመረ። በጃንዋሪ 2008 የኮሚሽኑ ፕሬዝዳንት ሊንዳ ኪን ከኃላፊነታቸው ተነሡ።

እኔ ከፓርላማው ጋር ነኝ። ኤንአርዩ ለሕክምና ምርመራ ከሚያገለግለው ሞሊብዲነም-99 ከተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የዓለም ፍላጎት ትልቁን ድርሻ ከሚያቀርቡት ጥቂት ሪአክተሮች አንዱ ነበር። የዚህ ንጥረ ነገር ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 66 ሰዓት ነው፤ ከሱ የሚገኘውና በምርመራው ላይ የሚውለው ቴክኒሺየም-99ኤም ደግሞ 6 ሰዓት ብቻ። መጋዘን ውስጥ አይከማችም፤ ዛሬ የተመረተው በሳምንቱ ስድስት እጅ ካደረጉት አንዱ እጅ ነው የሚተርፈው። የልብና የአጥንት ካንሰር ምርመራ በየሆስፒታሉ ሲሰረዝ ተቆጣጣሪው «የኔ ሥራ ሪአክተሩ ብቻ ነው» ማለት አይችልም።

ፓምፕ ቤት፦ እርስዎ ያለፉትን የቴክኒክ ክፍል ልሙላው። ሪአክተር ማጥፋት ሙቀቱን አያጠፋም። ኤንአርዩ የ135 ሜጋዋት ሪአክተር ነበር። በቆመበት ቅጽበት ቅሪት ሙቀቱ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ወደ 8 ሜጋዋት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላም ከአንድ ሜጋዋት በላይ ይቀራል። መንቀጥቀጡ የከተማውን መብራት ቢቆርጥና መደበኛውን መጠባበቂያ ቢያበላሽ ውሃውን የሚያዞረው ያ የአደጋ ጊዜ መስመር ነው።

ደግሞ ነገሩ ገመድ ስቦ ማገናኘት ብቻ አይደለም። የሞተር ማስነሻው ራሱ መንቀጥቀጥን መቋቋም የሚችል መሆን አለበት። ተራ ማስነሻ ውስጥ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲርገፈገፍ ኮንታክቱ ይከፈትና ይዘጋል፤ ኃይሉ እያለ ፓምፑ ይቆማል። ካቢኔው ከወለሉ ጋር በበቂ ብሎን ካልታሰረ ደግሞ ይወድቃል። የወጣው ሕግም የጠቀሰው እነዚህኑ ማስነሻዎች ነው።

ባለ ማኅተም፦ ሁለታችሁም ፈቃዱ ምን ይል እንደነበር አልጠየቃችሁም። በኤንአርዩ ላይ የሚደረጉ ሰባት የደኅንነት ማሻሻያዎች ነበሩ፤ ፈቃዱ በ2006 ሲታደስ ኮሚሽኑ ሁሉም ተጠናቀዋል ብሎ ነበር የተረዳው። በኋላ የተካሄደው ገለልተኛ ግምገማ ግን የፓምፖቹ ግንኙነት በፈቃዱ ላይ በግልጽ ሰፍሮ እንዳልነበረ አሳይቷል። ሪአክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ተቋም በራሱ መረዳት ሄደ፣ ተቆጣጣሪው በራሱ ግምት።

ፈቃድ ክፍል የሠራ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ተቋሙ ለተቆጣጣሪው የገባው ቃል በሚሰፍርበት መዝገብ ላይ «ተጠናቋል» የሚል ምልክት አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የለም። ዕቃው ተገዝቶ ይሆናል፤ ተገጥሞ ይሆናል፤ ተገናኝቶ ይሆናል፤ በጭነት ተፈትሾ በኦፕሬሽን ክፍል ርክክብ ተፈርሞበት ይሆናል። እነዚህ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። የዲዛይን ክፍል ሥዕሉን ሲያወጣ ዘጋሁ ይላል። ማንም ሥዕሉን ይዞ ወርዶ ገመዱን እስከ መጨረሻው ተርሚናል ካልተከተለ መዝገቡ ሐሰት እንደያዘ ለዓመታት ይቀመጣል።

ስለዚህ የኔ አቋም፦ ኮሚሽኑ ማስቆሙ ልክ ነው፣ የፈቃድ አጻጻፉ ግን ደካማ ነበር።

የሕግ ሰው፦ ፓርላማ ሕግ ማውጣት ይችላል፤ ያ አያከራክርም። መንግሥት ዲሴምበር 10 ለኮሚሽኑ የሕሙማንን ጤና ከግምት እንዲያስገባ መመሪያ ሰጥቶ ነበር። በማግሥቱ ባለሙያዎች ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው በአንድ ምሽት ተጠየቁ፣ ሕጉም አለፈ። እኔን የሚከነክነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ውሳኔዋን ያልወደዱላትን ኃላፊ ከፕሬዝዳንትነት ካነሡ፣ ቀጣዩ ኃላፊ ፊርማውን ሲያኖር ምን እያሰበ ነው? ፍርድ ቤት በ2009 መነሣታቸውን ሕጋዊ ነው ብሏል፤ ሕጋዊ መሆኑ ግን ጥያቄዬን አይመልስልኝም።

ግማሽ ዕድሜ፦ እሺ፣ በቁጥር እንነጋገር። ጉዳት የሚያደርስ መንቀጥቀጥ በሺህ ዓመት አንዴ ይመጣል እንበል። በ120 ቀን ውስጥ የመምጣት ዕድሉ ከ3,000 አንድ ነው። በሌላው ሚዛን ላይ ያለው የሕሙማን ጉዳት ግን ዕድል አይደለም፣ እርግጥ ነው። ሪአክተሩ እኮ ከ1957 ጀምሮ ያለዚህ ግንኙነት ሠርቷል።

ፓምፕ ቤት፦ ስሌቱን እቀበላለሁ፤ «50 ዓመት ሠርቷል» የሚለውን አልቀበልም። መንቀጥቀጡ ካልመጣ ጉድለቱ አይታይም፣ ስለዚህ የ50 ዓመቱ ዝምታ ስለ ማስነሻው ምንም አልነገረንም። ያ ስሌት ደግሞ ለሚቀጥለው 120 ቀንም እኩል ይሠራል። እንዲህ እያልን ስንት ጊዜ እናራዝማለን?

ባለ ማኅተም፦ መንገዱ ነበር እኮ። ተቋሙ አንድ ፓምፕ አገናኝቶ የመጀመር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የጎደለው የተሟላ ማመልከቻ ነው። ለጊዜያዊ የፈቃድ ማሻሻያ ብዙ ገጽ አያስፈልግም። ከየትኛው ድንጋጌ እንደሚወጡ በአንቀጽ ቁጥር፣ በአንድ ፓምፕ ብቻ ነዳጁ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ የሚያሳይ ስሌት፣ ማካካሻ እርምጃዎች (ኃይል መቀነስ፣ የጄኔሬተሩን ፍተሻ ማቀራረብ፣ በየፈረቃው የሰለጠነ ሰው መመደብ)፣ የማብቂያ ቀን፣ ከዚያ ቀን ካለፈ ያለ ተጨማሪ ውይይት ማቆም። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ስሌቱ ነው፤ ሌላው በቀናት ያልቃል።

የሕግ ሰው፦ ደግሞ አቅርቦቱን የጎዳው ተቆጣጣሪው እንዳልሆነ ተከታዮቹ ዓመታት አሳይተዋል። ኤንአርዩን ሊተኩ የተሠሩት ሁለቱ የሜፕል ሪአክተሮች በሜይ 2008 ተሰረዙ፤ ኃይል ሲጨምር ሪአክቲቪቲው (የኑክሌር ሂደቱ የመፋጠን ዝንባሌ) ይቀንሳል ተብሎ ተሰልቶ ሲለካ ጨምሮ ተገኘ። በሜይ 2009 ኤንአርዩ ራሱ ከባድ ውሃ አፈሰሰና እስከ ኦገስት 2010 ቆመ። ያን ጊዜ ፓርላማው ምን ዓይነት ሕግ ያወጣ ነበር?

ግማሽ ዕድሜ፦ ይህ ሌላ ሪአክተር አስቀድሞ መኖር ነበረበት ለሚለው ክርክር ይጠቅማል። ዲሴምበር 2007 ላይ ግን ኤንአርዩን የሚተካ ሥራ ላይ ያለ ሪአክተር በካናዳ አልነበረም፤ የተወሰነውም ባለው ነው። ባለ ማኅተም፣ እርስዎ ቢሆኑ ያንን ሁኔታ በፈቃዱ ላይ እንዴት ይጽፉት ነበር?

ባለ ማኅተም፦ «ሁለቱም ፓምፖች መንቀጥቀጥን በሚቋቋሙ ማስነሻዎች አማካይነት ከአደጋ ጊዜ አቅርቦቱ ጋር ተገናኝተው ካልተፈተሹ በቀር ሪአክተሩ አይነሣም።» የፓምፖቹ መለያ ቁጥር ይግባበት። «ማሻሻያዎቹ ይጠናቀቃሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፈቃድ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ፓምፕ ቤት፦ «ተፈተሸ» የሚለው ላይም ይጨመርበት፦ መደበኛው መብራት በእውነት ተቆርጦ፣ ፓምፑ በአደጋ ጊዜው መስመር ብቻ ተነሥቶ፣ የውሃው ፍሰት ተለክቶ። ማስነሻውን በባዶ ሞተር ሞክሮ መፈረም የተለመደ ነው።