በናኖ ዚንክ የበቀለ ጤፍ፦ ሥሩ ላይ የተለካው ዚንክ ቅንጣቱ ነው ወይስ የሟሟው?

ዘር ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጤፍ ዘር ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጌ በሊትር 0፣ 50፣ 100 እና 500 ሚሊግራም የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት ሰጠሁት፤ ሻጩ እንዳለው መጠኑ 30 ናኖሜትር ነው። በ7ኛው ቀን 500 ላይ ዘሩ ደህና በቅሏል፣ ሥሩ ግን አጥሮ ጫፉ ቡናማ ሆኗል። ሥሩን በዲስቲልድ ውሃ አጥቤ፣ በናይትሪክ አሲድ አሟሙቼ ሳስለካው ዚንኩ ከኮንትሮሉ (ምንም ካልተሰጠው ማነጻጸሪያ) በብዙ እጥፍ በለጠ። "ቅንጣቱ ሥር ውስጥ ገብቷል" ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

ፒፔት፦
አትችልም። አሲዱ ሁሉን አሟሙቶታል፤ መሣሪያው የሚያነበው ጠቅላላ ዚንክ ነው። ገብቶ ይሁን ላዩ ላይ ተለጥፎ፣ በቅንጣትነቱ ይሁን በአይዮን (ውሃ ውስጥ በሟሟ ባለ ኤሌክትሪክ ሙል) መልክ አይነግርህም። ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ አሲድ ሲነካው ቶሎ ይሟሟል፤ ሥር አካባቢውን አሲዳማ ስለሚያደርገው መጀመሪያ የሚጠረጠረው አይዮኑ ነው።

የጎደለህ ኮንትሮል ነው፦ ናኖ ያልሆነ ተራ ዚንክ ኦክሳይድና ዚንክ ሰልፌት። እኩል መሆን ያለበት ዚንኩ እንጂ የዱቄቱ ክብደት አይደለም። 100 ሚሊግራም ዚንክ ኦክሳይድ 80 ሚሊግራም ዚንክ አለው፤ ይህን ለማግኘት ከሄፕታሃይድሬቱ (ሰባት ውሃ ከያዘው) ዚንክ ሰልፌት 353 ሚሊግራም ገደማ ትመዝናለህ። መቶን ከመቶ ካወዳደርክ ሰልፌቱ 23 ሚሊግራም ዚንክ ብቻ ይዞ ይቀርባል፣ ናኖው ያለ ጥፋቱ መርዘኛ ይባላል።

የሟሟውን ለመለየት በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ እንዳትሸወድ፤ 30 ናኖሜትር ቅንጣት በዚያ ቀዳዳ ሰተት ብሎ ያልፋል። 3 ኪሎዳልተን የሆነውን (ቅንጣቱን አስቀርቶ የሟሟውን ብቻ የሚያሳልፍ) የሴንትሪፊውጅ ማጣሪያ ተጠቀም።

አፈር ሰው፦
እጥበቱም ይታይ። ውሃ ብቻውን ሥር ላይ የተጣበቀውን አያነሳም። በ10 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ብረታ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ውህድ) 10 ደቂቃ ነክረህ ሦስቴ በውሃ አለቅልቅ፤ ያጠብክበትን አትድፋው፣ እሱንም አስለካ። ብዙ ካቆየኸው ግን ከሴል ግድግዳ ውስጥ ያለውንም ጎትቶ ያወጣዋል።

ቅጠሉን ብቻ ልለካ ብትልም፣ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ቡቃያው ራሱ እርጥብ ወረቀት ላይ ተኝቶ ይበከላል። ዘሩን ወንፊት ላይ አስቀምጠህ ሥሩ ብቻ ወደ ታች ይውረድ። ደግሞ ወረቀቱ ቅንጣት ስለሚይዝ 500 ያልከው ሥሩ ዘንድ ሲደርስ 500 አይደለም።

ዘር ቆጣሪ፦
ቅንጣቱን ለመበተን ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚበትን መሣሪያ) ውስጥ ያቆየሁት 10 ደቂቃ ነበር። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጥቁር ነጠብጣብ ባገኝስ ማስረጃ አይሆንም?

ፒፔት፦
ብቻውን አይሆንም። ነጠብጣቡ ዚንክ ፎስፌት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ሆግላንድ (ፎስፌት ያለበት የዕፅዋት ምግብ ፈሳሽ) ከጨመርክበት። በ2013 የወጣ የአኩሪ አተር ጥናት በሲንክሮትሮን (የኬሚካል ዓይነትን በሚለይ ኃይለኛ ኤክስሬይ) ሲታይ ፍሬው ውስጥ ሴሪየም ኦክሳይድ በቅንጣትነቱ ተገኝቷል፤ ዚንክ ኦክሳይድ ግን አልነበረም፣ ዚንኩ ሲትሬት መሰል ውህድ ሆኗል።

ሶኒኬተሩን በረዶ ይዘህ 30 ደቂቃ አድርገው፤ በቀዳህ ቁጥር በጥብጥ፣ በዲኤልኤስም (ፈሳሽ ውስጥ ያለ ቅንጣትን መጠን በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ለካው። የሻጩ 30 የደረቀው ዱቄት ነው፣ ውሃ ውስጥ ተጓጉሎ ብዙ መቶ ናኖሜትር ሊደርስ ይችላል።

ሥሩን በማሴሮዛይም (የሴል ግድግዳን በሚያፈርስ ኢንዛይም) አፍርሶ ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ በነጠላ ቅንጣት አይሲፒ-ኤምኤስ (ብረታ ብረትን በሚለካ መሣሪያ) መቁጠር ለወርቅ ቅንጣት ሠርቷል። ለአንተ ግን አይሆንም፤ ኢንዛይሙ የሚሠራበት የሲትሬት በፈር (የአሲድነት ማረጋጊያ ፈሳሽ) አሲዳማ ስለሆነ ቅንጣትህን እዚያው ያሟሟዋል። ለጊዜው "የሥሩ ጠቅላላ ዚንክ ጨምሯል" ብለህ ጻፍ።