ችግኞቼ ሰልለው ወደቁ፣ መደቡም ጡብ ሆነ፤ ከምን ልጀምር?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓሮዬን አትክልት ላለብሰው ብዬ ተነሳሁ፤ ፀደዩ በቅጡ ሳይገባ ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ።

አንደኛው የችግኙ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ በባዶ የእርጎ ኩባያ ዘርቼ መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። በቀሉ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ መስታወቱ እየተንጋደዱ ክር መስለው ረዘሙ። ባለፉት አራት ቀናት ደግሞ ከ24ቱ 9ኙ ተኙ። ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፤ ግንዳቸው ግን አፈሩን በሚነካበት በኩል ጠቁሮና ውሃ ቋጥሮ ቀጥኗል። ጠዋት ቆሞ ያየሁት ማታ ተጋድሞ ይጠብቀኛል። ተጠምተው ይሆናል ብዬ ውሃ ጨመርኩ፤ ባሰባቸው።

ሁለተኛው መደቡ ነው። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሚሆን፣ ሣር የነበረበት ቦታ አለኝ። ዝናብ በጣለ ማግስት አፈሩ ለስልሶልኛል ብዬ ገለበጥኩት። አሁን ደርቆ ጓሉ ጡጫዬን ያህላል፤ ዶማው ይነጥራል እንጂ አይገባም።

የገዛሁት ዘር ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ አተር፣ ፎሶልያ፣ ዝኩኒ፣ ዱባና ሽንኩርት ነው። አዎ፣ 11 ነው፣ አትሳቁብኝ። የመጨረሻው ውርጭ ሊያልፍ ገና 5 ሳምንት ይቀረዋል። ቦታው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ያገኛል። ከምን ልጀምር?

ሦስተኛ ሙከራ፦
አልስቅም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት 17 ዓይነት ዘርቼ አፌ የደረሰው ቀይ ሥር ብቻ ነው።

የወደቁት አይነሱም፣ ተስፋ ቁረጪባቸው። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ መሰል ነገር ነው ሥራቸው ላይ የሚቆርጣቸው፤ የሚመቸው ደግሞ ሁልጊዜ የረጠበ አፈር፣ የማይንቀሳቀስ አየርና ተጠጋግቶ የበቀለ ችግኝ ነው። ውሃ ስትጨምሪ ያጠጣሽው ችግኙን ሳይሆን በሽታውን ነው። የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጥተሽ ጣይ። የቆሙትን ደግሞ ከላይ አታጠጪያቸው። የኩባያዎቹ ቂጥ ተበስቷል? ካልተበሳ ዛሬውኑ ብሺው። ከዚያ ውሃ ባለበት ዝርግ ሳህን ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል አስቀምጠሽ ከሥር እንዲስቡ አድርጊና አንሺያቸው። ላዩ ደረቅ እስኪል ድረስ ሌላ ውሃ የለም። ማራገቢያ ካለሽ በዝቅተኛው፣ ራቅ አድርገሽ።

መርዘማቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የብርሃን ረሃብ ነው። ለእኛ ዓይን ደማቅ የሆነ መስኮት ለችግኝ ምሽት ነው። ተራ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከቅጠሉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብሪላቸው፣ ሲያድጉ መብራቱንም ከፍ እያደረግሽ። ሌሊት ግን አጥፊው። ከበቀሉ በኋላ ሙቅ ክፍል አይፈልጉም፤ 18 ዲግሪ አካባቢ ይበቃቸዋል። ሙቀት በዝቶ ብርሃን ሲያንስ ነው የሚሰልሉት።

ጀማሪዋ፦
ቂጡ አልተበሳም ነበር። አንዱን ገልብጬ ሳየው ከታች ጭቃ ነው፣ ይሸታልም። አፈሩን ያመጣሁት ከጓሮው ነው፤ እሱም ጥፋት ነው?

ሦስተኛ ሙከራ፦
ነው። የጓሮ አፈር ኩባያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ በሽታውንም ይዞ ይገባል። ለዘር ተብሎ የተዘጋጀ ቀላል ድብልቅ ግዢ፤ ኩባያዎቹንም በሳሙና እጠቢያቸው። ቲማቲሙን አሁን ብትደግሚው አልረፈደም፤ ከመጨረሻው ውርጭ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ ቢዘራ ይመረጣል፣ በ5ም ይደርሳል። ቃሪያ ግን ቀርፋፋ ነው፣ እሱን ችግኝ ግዢ።

ጋሽ አፈር፦
ልጄ፣ ጥፋትሽ መቆፈርሽ ሳይሆን የቆፈርሽበት ቀን ነው። እርጥብ አፈር ሲረገጥና ሲገለበጥ በመሃሉ ያለው አየር ይወጣና ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ያየሽውን ይሆናል። ጡብም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ከእንግዲህ ዶማ ከማንሳትሽ በፊት ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጪና ጨብጠሽ ልቀቂው። በአውራ ጣትሽ ነካ ስታደርጊው ከተፈረፈረ ቆፍሪ። እንደ ሊጥ ድብልብል ብሎ ከቀረ ሌላ ሥራ ፈልጊ።

አሁን ያለውን ጓል አትደብድቢው፣ ትርፉ ድካም ነው። በማጠጫ ቀስ ብለሽ አርከፍክፊበትና በማግስቱ ጠፈፍ ሲል በመንሽ ጀርባ መታ መታ አድርጊው፤ ራሱ ይበተናል። ውርጩም ያግዝሻል፤ ጓሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ እየሰፋ ይሰነጥቀዋል።

አሸዋ ጨምሪበት የሚልሽ ይመጣል፣ አትስሚው። ሸክላ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ ሲገባ ያው የሚያደርቅ ቅይጥ ነው የሚሆነው። አፈርሽ ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ክዳን ያለው ብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ሙዪና ናጪው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ግን ቀን አልፎትም ውሃውን እንዳደፈረሰ ሊቆይ ይችላል። ሦስቱን ንብርብር በመስታወቱ በኩል ታይዋለሽ። የሸክላው ወፍራም ከሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የበሰለ ብስባሽ፣ በየዓመቱ።

ስፋቱን ደግሞ እንዲህ ክፈይው፦ 1 ሜትር ከ20 የሆኑ ሁለት መደቦች፣ በመሃል 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ። 3 ሜትሩ ልክ ይሞላል። ከሁለቱም ወገን እጅሽ መሃሉ ስለሚደርስ መደቡን ሁለተኛ አትረግጪውም። በየመደቡ 5 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ አልብሺና ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅይው።

የማልቆፍረው፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። ሣር የነበረበትን መሬት ለምን ትቆፍራለች? ቁፋሮው የተቀበረውን የአረም ዘር ወደ ብርሃን ያወጣል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አረም ስታርም ነው የምትውለው። ቴፑ የተላጠ ካርቶን አንጥፋ ውሃ ታርከፍክፍበት፣ በላዩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ ትደልድልበትና እዚያው ላይ ትትከል። ካርቶኑ ሲበሰብስ የምድር ትሎች የታችኛውን አፈር ይከፍቱላታል። እኔ መሬት ከቆፈርኩ አምስት ዓመቴ ነው።

ጋሽ አፈር፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ እሷ ግን ቆፍራዋለች። ሁለተኛ፣ የአንዱ መደብ ስፋት 4.8 ካሬ ሜትር ነው፣ በ15 ሳንቲ ሜትር 720 ሊትር ብስባሽ ይፈልጋል። ለሁለቱ እጥፍ። ከየት ታመጣዋለች? ካሮቱስ ካርቶኑን ይበሳል?

የማልቆፍረው፦
ካሮቱ ላይ እውነት አለዎት፣ በመጀመሪያው ዓመት ያስቸግራል። እንግዲያው አንዱን መደብ በእርስዎ መንገድ፣ ሌላውን በካርቶን ብታደርገው? ዝኩኒና ቲማቲም ካርቶን ላይ አያፍሩም። ከገለበጠችው ሣር ያልሞተው ተመልሶ ስለሚመጣ ካርቶኑ አሁንም ሥራ አለው።

የበረንዳ ገበሬ፦
ሁለቱ ታላላቆች አፈሩን ይጨርሱ፣ እኔ ስለ ጊዜው ልናገር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየሩ ሲሞቅ ሁሉንም በአንድ ቀን ስለሚዘራ ነው። ዘር የሚያዳምጠው አየሩን ሳይሆን አፈሩን ነው። በየወጥ ቤቱ ያለውን ሹል ቴርሞሜትር ጠዋት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተሽ አንብቢው።

አተርና ሰላጣ አፈሩ ከ5 ዲግሪ ካለፈ ይበቅላሉ፣ ውርጩን ሳትጠብቂ ዝሪያቸው። ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ሽንኩርት ከ7 እስከ 10 ሲደርስ ይከተላሉ። ሰላጣ እንዲያውም ሙቀት ነው የሚያስፈራው፤ አፈሩ 27 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዘሩ ይተኛል። ፎሶልያ 15፣ ዝኩኒና ዱባ ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ብትጨምሪያቸው ይበሰብሳሉ። ቲማቲም ውርጭ ካለፈም በኋላ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች እስከወረደ ድረስ አይውጣ። አይሞትም፣ ግን ቆሞ ይቀራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተተከለው ይቀድመዋል።

ዱባውን ለከርሞ አስቀምጪው፣ አንዱ ብቻውን መደብሽን ይውጠዋል። ሽንኩርቱንም ተዪው ባይ ነኝ፤ ከዘር አድጎ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፣ ቦታውንም አይለቅም።

ቀይ ሥርና ቆስጣ ላይ አንድ ነገር፦ ያ ቆርፋዳ ዘር አንድ ዘር አይደለም፣ የዘሮች ጥርቅም ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ሦስት አራት ሲወጣ አትደንግጪ። ጠንካራውን ትተሽ ሌሎቹን በመቀስ ከአፈሩ ደረጃ ቁረጪ፤ ከነቀልሽ የጎረቤቱን ሥር ታናጊበታለሽ።

የካሮት ነገር ትዕግሥት ነው። ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ14 እስከ 21 ቀን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ላዩ አንድ ቀን እንኳ ቢደርቅ ያለቀለት ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሺውና ከ7ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ገልጠሽ እዪ፤ የመጀመሪያው ብቅ እንዳለ ጆንያው ይነሳ።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሽ አፈርን የጠርሙስ ሙከራ ሠራሁ፤ ከግማሽ በላይ ሸክላ ነው። አንዱን መደብ ልቀላቅል፣ ሌላውን በካርቶን ልሸፍን ወስኛለሁ። ብስባሹ አልበቃ አለኝና ጎረቤቴ ከብቶቻቸው ካሉበት ትኩስ ፍግ በነፃ ውሰጂ አሉኝ። ልበትነው?

ጋሽ አፈር፦
ትኩሱን አትበትኚው። ሥር ያቃጥላል፣ ከአረም ዘርም አይጸዳም። ከሁሉ በላይ ሰላጣና ካሮት ጥሬ ነው የሚበሉት። አፈር የሚነካ ሰብል ከሆነ ትኩስ ፍግ ከመሰብሰቡ 120 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፣ አፈር የማይነካ ከሆነ 90 ቀን። ለዘንድሮ አይደርስልሽም። ከደረቅ ቅጠልና ገለባ ጋር ከምረሽ አብስይው፣ ለከርሞ ወርቅ ነው።

ሦስተኛ ሙከራ፦
ሲወስዱ ደግሞ ከብቶቹ የበሉት ድርቆሽ ፀረ አረም ተረጭቶበት እንደሆነ ጠይቂ። አንዳንዱ መድኃኒት በከብቱ ሆድ አልፎ፣ ብስባሽ ውስጥም ሰንብቶ ቲማቲምና ፎሶልያን ያጣምማል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ቲማቲሜ ቅጠሉ እንደ ጥፍር ሲጠቀለል ምክንያቱን ያጣሁት በዚህ ነበር። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ከብስባሹ ኩባያ ውስጥ ጨምረሽ ሁለት ሦስት ፎሶልያ ዝሪበት። ሦስተኛው ቅጠል ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው።

ጀማሪዋ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦
ተመልሻለሁ። አተሩ ክር መያዝ ጀምሯል። አዲሶቹ ቲማቲሞች በመብራቱ ሥር እንደ እርሳስ ወፍረዋል። ካሮቱ ግን በ16ኛው ቀንም ድምፁ የለም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አራት ሰላጣ ከአፈሩ ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ ተጋድሞ አገኘሁ። ቅጠሉ አልተበላም፣ እዚያው ወድቋል። ያ በሽታ ተመልሶ ነው?

የበረንዳ ገበሬ፦
አይደለም። ንጹሕ ቁራጭ ከሆነ ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይቆርጣል፣ ቀን እዚያው ሥር ይተኛል። ከተቆረጠው አጠገብ በጣትሽ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈልፍይ፤ አመድማ ሆኖ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ወፍራም ትል ታገኛለሽ። ለቀሩት ከካርቶን ቱቦ ቀለበት ቁረጪና ችግኙን አጥልቂበት፣ 3 ሳንቲ ሜትሩ አፈር ውስጥ፣ 5ቱ ውጪ። ቲማቲሙንም ስትተክይ እንዲሁ።

ጀማሪዋ፦
ሁለት አገኘሁ! አንዱ የትንሿን ጣቴን ግማሽ ያህላል። ቲማቲሙን መቼ ላውጣ?

ሦስተኛ ሙከራ፦
በአንድ ቀን አይወጣም። ፀሐይም ነፋስም አያውቅም፤ እንዳለ ካወጣሽው ቅጠሉ ነጥቶ ይቃጠላል። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ለአንድ ሰዓት፣ በየቀኑ እየጨመርሽ ከ7 እስከ 10 ቀን አላምጂው፣ ማታ ማታ አስገቢው። ስትተክይ በየ50 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛውን ቅጠል ቀንጥሰሽ ግንዱን እስከ አንገቱ ቅበሪው፤ የተቀበረው ሁሉ ሥር ያወጣል። ቃሪያውን ግን ኩባያው ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ብቻ።

ውሃውን በተመለከተ፦ ዝናብ ከሌለ ለካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ያህል። ለአንዱ መደብሽ 120 ሊትር፣ ማለትም ባለ 10 ሊትር ማጠጫ 12 ጊዜ። ሁለት ሦስት ቀን ላይ አካፍይው እንጂ በየቀኑ ጠብ ጠብ አታድርጊ፤ ላዩን ብቻ ያረጠብሽለት ተክል ሥሩን ወደ ታች አይልክም። መሬቱ ሲሞቅ ደግሞ ገለባ ጎዝጉዢለት። ቀድመሽ ከጎዘጎዝሽው አፈሩ እንደቀዘቀዘ ይቀራል።

ጀማሪዋ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦
ካሮቱ ጉድ ሠራኝ። ጆንያውን ስገልጥ በመስመሩ ሁሉ እንደ ሣር የቀጠነ፣ ሁለት ሁለት ቅጠል ያለው ነገር ወጥቷል። ያ የገለበጥኩት ሣር ተመልሶ ነው ብዬ ግማሹን መስመር ነቅዬ ጨረስኩ። የካሮት ቅጠል እንደ ላባ የተተለተለ አይደል?

የበረንዳ ገበሬ፦
እህቴ፣ እጅሽን አንሺ! የላባው ቅጠል በኋላ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀጭንና ረጅም ናቸው፣ ሣር ይመስላሉ። ሣር ግን ሲወጣ አንድ ቅጠል ነው፣ ሁለት አይደለም። ካልጠፋ አንዱን በጣትሽ አሽተሽ አሽትቺው።

ጀማሪዋ፦
አሸተትኩት። ካሮት ካሮት ይላል። ሩብ ፓኬት ዘር ተርፎኛል፣ ነገ ጠዋት የነቀልኩትን ግማሽ እደግመዋለሁ። ጆንያው እዚያው ነው።